ጉባኤ ፊት ለማሳመን ሲነሱ፦ ማንበብ ወይስ በማስታወሻ? የራስን ወገን ብቻ ወይስ ሁለቱንም?

ሰው ፊት ቆሞ ማሳመን ያለበት ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ድምፁና ስለ እጁ ነው። ከዚያ የሚቀድሙ ውሳኔዎች ግን አሉ፦ ንግግሩን በምን መልክ ይዞ ይነሳል? ሐሳቡን በምን ቅደም ተከተል ያስኬዳል? የተቃዋሚውን ነጥብ ያነሳዋል ወይስ ይዘለዋል? ማስረጃው ቁጥር ነው፣ የሰው ታሪክ ነው ወይስ ተረትና ምሳሌ? እያንዳንዱ አማራጭ የሚመችበት ቦታ አለው፤ አድማጭን ለማታለል የሚያመችበት ቀዳዳም አለው።

በደፈናው ከምናወዳድራቸው አንድ ጉዳይ ላይ እንሞክራቸው። 240 አባላት ያሉት የሰፈር እድር አለ እንበል። የወር መዋጮው 100 ብር ስለሆነ የዓመት ገቢው 288,000 ብር ነው። ለአንድ ሐዘን 20,000 ብር ይከፍላል፤ በዓመት 13 ሐዘን ቢደርስ 260,000 ብር ይወጣል። ለድንኳንና ለወንበር ጥገና፣ ለጥበቃና ለጡሩንባ ነፊ ደግሞ 60,000 ብር። ጠቅላላ ወጪው 320,000፣ ጉድለቱ 32,000 ብር ነው። ባንክ ውስጥ 180,000 ብር ተቀማጭ አለ። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ «መዋጮው 150 ብር ይሁን» ብሎ ማሳመን ይፈልጋል።

እዚህ ጋ ቆም ብለው ያስሉት። ጉድለቱን ለመሸፈን 15 ብር ጭማሪ ይበቃል፤ በዓመት 43,200 ብር ያስገኛል። 50 ብር ሲጨመር ግን 144,000 ብር ይገባል፤ ከጉድለቱ በላይ 112,000 ብር ይተርፋል። ገንዘብ ያዡ ይህን ትርፍ ሳይናገር 150 ብርን ማስወሰን ይችላል፤ ተናግሮም ይችላል። አማራጮቹን የምንመዝነው በዚህ ነው፦ አባላቱ ስለ 112,000 ብሩ ሰምተው፣ ጠይቀው፣ ከዚያም እጃቸውን የሚያወጡበት ንግግር የትኛው ነው?

ወረቀቱን ምን ማድረግ?

ተጽፎ የሚነበብ ንግግር የሚመረጠው እያንዳንዱ ቃል የሚመዘንና የሚመዘገብ ሲሆን ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙት የተጻፈ ንግግር ይዘው ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጡ ሲሞክሩ ንጉሠ ነገሥቱ ረብሸኞቹ እስኪወጡ ጠብቀው በአማርኛ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ንግግሩ «ብዙ አውሮፕላኖች መርዝ ረጩብን» ብሎ አላለፈም፤ አውሮፕላኖቹ በ9፣ በ15፣ በ18 እየሆኑ ተከታትለው መርዙን እንደ ጉም ያለማቋረጥ ያወርዱ እንደነበር ዘርዝሯል። እንዲህ ያለ ዝርዝር በቃል ሲነገር ይዛባል፤ ሲነበብ አይዛባም። (በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተነሳ። ጥሩ ንግግር ሁሉ ውሳኔ አያስቀይርም።)

ንባብ በአማርኛ ሲሆን ሁለት የራሱ ችግሮች አሉት። የመጀመሪያው ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ገቢያችን ከወጪያችን ባለመመጣጠኑና ይህም ተቀማጩን እያመናመነው በመሆኑ መዋጮው በ50 ብር ከፍ እንዲል የቀረበውን ሐሳብ ኮሚቴው…» ብለው ሲያነቡ አድማጩ «ተቀብሎታል» ይሁን «አልተቀበለውም» ገና አያውቅም። በዓይን የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጆሮ የሚሰማ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ለንባብ ሲጽፉ «ሲሆን» እና «በመሆኑም» ያሉበትን ሁሉ በአራት ነጥብ ይቁረጡት። ከ12 ቃል ያለፈ ዓረፍተ ነገር ካለ ለሁለት ይክፈሉት።

ሁለተኛው ችግር ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «ይሰማል» ሲላላ ሰውዬው ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይደመጣል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ለብቻ ሲያነቡ ዐውዱ ያርምዎታል። ሰው ፊት ግን ዓይንዎ ከአፍዎ ስለሚቀድም በተሳሳተው ጀምረው መመለስ ይመጣል። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ። ጽሑፉን በትልቅ ፊደል፣ ቢያንስ በ16 ያትሙት፤ የገጹን የታችኛውን ሲሶ ባዶ ይተዉት፣ አለበለዚያ አገጭዎ ደረትዎ ላይ ይወርዳል፣ ድምፅዎም ወደ ወረቀቱ ይገባል። ገጾቹን በስቴፕለር አይያዙዋቸው፤ ሲገለበጡ ማይኩ ያንን ድምፅ ያጎላዋል። ይልቅ ቁጥር ይስጧቸውና አንዱን ገጽ ወደ ጎን እያንሸራተቱ ይቀጥሉ።

መሸምደድ ከሁሉም ደካማው ነው። ከመክፈቻውና ከመዝጊያው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አንመክረውም። የተሸመደደ ንግግር እንደ መቁጠሪያ ክር ነው፤ አንዷ ከተበጠሰች የቀረው ይበተናል። የእድር ስብሰባ ደግሞ ሳይቋረጥ አያልቅም፤ አንድ አዛውንት «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይቺን ነገር አብራራት» ይላሉ፤ የሸመደደ ሰው ከመልሱ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ያቅተዋል። ጥያቄውን ለመሸሽ ድምፁን ከፍ ሲያደርግም ይታያል፤ አድማጭም ይህን እንደ መደበቅ ይቆጥረዋል።

ለአብዛኛው የማሳመን ንግግር የሚሻለው ማስታወሻ ነው። ለሰባት ደቂቃ ንግግር የመዳፍ ያህል አንድ ካርድ፣ በላዩም ከአምስት እስከ ሰባት መስመር፣ በእያንዳንዱ ሦስት አራት ቃል። ቁጥሮች ግን ምህጻረ ቃል አይወዱም፤ «32,000 ጉድለት» ተብሎ ሙሉውን ይጻፍ፤ በቃል የተያዘ ቁጥር መድረክ ላይ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ካርዱን ይዘው አራት ጊዜ ጮክ ብለው ይለማመዱ። አራቱም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃላት ከወጣ ሸምድደዋል ማለት ነው፤ ሐሳቡ እንዳለ ሆኖ ቃላቱ መለዋወጥ አለባቸው። ርዝመቱን ለማወቅ የአንድ ደቂቃ ንግግርዎን በስልክ ይቅዱና ቃላቱን ይቁጠሩ። 100 ቃል ከሆነ ለሰባት ደቂቃ የሚያዘጋጁት ይዘት 700 ሳይሆን 600 ቃል ገደማ ይሁን፤ ማይክ ማስተካከል፣ ሳቅና «አልሰማንም» የሚለው ድምፅ የቀረውን ይበላዋል።

ድንገተኛ ንግግር የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ከያዘው ጽሑፍ ወጥቶ ስለ ሕልሙ የተናገረው ክፍል ከሁለት ወር በፊት ዲትሮይት ላይም የተናገረው ነበር። ጊዜው ድንገተኛ ነበር፤ ቃሉ ግን በልምምድ የበሰለ ነው። ለእርስዎ ድንገት የሚመጣው ከንግግሩ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይስጡ፣ አንድ ምክንያት ያክሉ፣ ይቁሙ። የማያውቁት ከሆነ «ይህን ከመዝገቡ አይቼ በሚቀጥለው ስብሰባ እነግራችኋለሁ» ይበሉና በቃለ ጉባኤ ይያዝልዎ። ጭብጨባ ሞቅ ሲያደርግዎት ያላሰቡትን ቃል ኪዳን የሚገቡት እዚህ ነው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን በማስታወሻ ይናገር፤ ድምፅ የሚሰጥበትን የውሳኔ ሐሳብ ግን ከወረቀት ያንብብ። በዙም ለሚሰበሰቡም ይኸው ይሠራል፤ ካርዱን ከካሜራው አጠገብ ከለጠፉት ዓይንዎ ከአባላቱ አይሸሽም።

ሐሳቡን በምን ቅደም ተከተል?

ለምርጫ የሚቀርቡ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ችግር ከዚያ መፍትሔ ነው። አባላቱ ጉድለት መኖሩን ካልሰሙ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ግን ከሰባት ደቂቃው ከሦስት በላይ ለችግሩ አይስጡት። ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ችግሩን አምስት ደቂቃ ዘርዝረው መፍትሔውን በሩጫ ሲናገሩት ነው፤ አድማጩ ተጨንቆ ይወጣል እንጂ አይወስንም።

ሁለተኛው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አለን ሞንሮ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ባለ አምስት ደረጃ ነው፦ ቀልብ መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ ውጤቱን በዓይነ ሕሊና ማሳየት፣ ለተግባር መጥራት። ደም ለማስለገስ ወይም ፊርማ ለማሰባሰብ፣ ማለትም አድማጩ ከአዳራሹ ሳይወጣ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈለግ ጉልበት አለው። አደጋው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። «ዘንድሮ ካልጨመርን እድሩ ይፈርሳል፤ ሬሳችን ያለ ድንኳን ይወጣል» ማለት አዳራሹን ጸጥ ያደርገዋል። ግን ሐሰት ነው፦ 180,000 ብር ተቀማጭ ለ32,000 ብር ጉድለት ከአምስት ዓመት በላይ ይዘልቃል። እውነቱ «በዚህ ከሄድን በስድስተኛው ዓመት ባዶ እንሆናለን» የሚለው ነው፤ ይህም ለማሳመን ይበቃል። ፍርሃት የሚሠራው አድማጩ ማድረግ የሚችለው ነገር እንዳለ ሲያምን መሆኑንም አይርሱ። መውጫ ሳያሳዩ ማስፈራራት ጆሮ ያስደፍናል።

ሦስተኛው አማራጮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ለእድራችን የምንመርጠውም ይህን ነው። ጉድለት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ክርክሩ «ምን ይሻላል» ላይ ነውና። 115 ብር ሲሆን ዓመቱ በ11,200 ብር ትርፍ ይዘጋል። 150 ብር ሲሆን 112,000 ይተርፋል። መዋጮው 100 ብር ላይ ቆሞ የሐዘን ክፍያው ወደ 17,000 ቢወርድ ደግሞ ወጪው 281,000 ስለሚሆን 7,000 ብር ይተርፋል። ገንዘብ ያዡ ሦስቱንም ካስቀመጠ በኋላ «እኔ 150ውን የምመርጠው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ13 በላይ ሐዘን ቢደርስ 115ቱ ስለማይችለው ነው» ይበል። አንድ ተጨማሪ ሐዘን 20,000 ብር ነው፤ የ11,200ው ትርፍ እዚያው ያልቃል። ጥሩ ክርክር ማለት ይህ ነው፤ 112,000ው ሳይደበቅ ለ150 ብር ምክንያት ሆነ።

የራስን ወገን ብቻ ወይስ ሁለቱንም?

ይህ ጥያቄ ተፈትኗል። በ1945 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ከጃፓን ጋር ያለው ጦርነት ገና ረጅም ጊዜ ይፈጃል የሚል የሬዲዮ መልእክት በሁለት መልክ አዘጋጅተው ለአሜሪካ ወታደሮች አሰሙ። አንደኛው የራሱን ምክንያት ብቻ የሚደረድር፣ ሌላው የተቃራኒውንም የሚያነሳ ነበር። ቀድሞውንም የተስማሙት በአንድ ወገኑ ይበልጥ ጸኑ፤ የተቃወሙትንና የበለጠ የተማሩትን ይበልጥ ያሳመነው ግን ሁለቱን ወገን ያነሳው ነው። ሌላም ነገር ታየ፦ ሁለቱንም ወገን አያለሁ ያለው መልእክት ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ ልትሰጥ የምትችለውን እርዳታ ሳያነሳ በማለፉ ይህን ያስተዋሉት ሰዎች ላይ ጉልበቱ ቀነሰ። ግማሹን ብቻ ግልጽ መሆን ከዝምታ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አንድ ልዩነት ይጎላል። ተቃራኒውን ነጥብ ማንሳት ብቻውን ደካማ ነው፤ አንስቶ መልስ መስጠት ግን አንድ ወገን ከመናገር ይበልጣል። ስለዚህ «አንዳንዶች አይቻልም ይላሉ» ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅምም።

ሲያነሱት በሦስት እርምጃ ያንሱት። መጀመሪያ የተቃዋሚውን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት እንዲያ ነው» በሚልበት መልክ ይናገሩት፤ «ጡረታ ላይ ላሉ አባሎቻችን በዓመት 600 ብር ተጨማሪ ቀላል አይደለም።» ቀጥሎ መልስዎን ይስጡ። በመጨረሻም መልስዎ ያልሸፈነውን ይመኑ፦ «ይህን ሁሉ ብለንም የሚከብዳቸው ይኖራሉ፤ ለእነሱ ጉባኤው የተለየ ውሳኔ ሊያስፈልገው ይችላል።» ከሰባት ደቂቃ ሁለቱን ለዚህ ይስጡ። ቦታው ዋናውን ምክንያት ከተናገሩ በኋላ ነው፤ መጨረሻ ላይ ካስቀመጡት ሰው ይዞ የሚወጣው የተቃዋሚውን ቃል ነው።

አንድ ወገን ብቻ መናገር የሚፈቀድበት ቦታ የለም ማለታችን አይደለም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ለራሱ ብቻ ይናገራል፤ ግን ባላጋራው እዚያው ቆሞ መልስ ያዘጋጃል፣ በመሐል ዳኛ አለ። በዘመናዊው ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። በእድር ጉባኤ ግን ሒሳቡን ያየው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው፤ የሚመልስለት ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው የለም። ባላጋራ በሌለበት ቦታ የባላጋራውን ድርሻ ተናጋሪው ራሱ ይሸከማል።

ቁጥር፣ የሰው ታሪክ፣ ተረትና ምሳሌ

ከቁጥር እንጀምር። «በቀን 1 ብር ከ67 ሳንቲም ብቻ» እና «50 በመቶ ጭማሪ» ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንደኛው ያሳንሳል፣ ሌላው ያገዝፋል። አንዱን ብቻ መርጦ ማቅረብ ሳይዋሹ ማታለል ነው። አባሉ በእጁ የሚቆጥረው በወር ስለሆነ «ከ100 ወደ 150፣ በዓመት 600 ብር ተጨማሪ» ይበሉት። በአንድ ንግግር ከአራት ቁጥር በላይ ጆሮ አይዝም፤ የቀሩት በአንድ ገጽ ታትመው ከስብሰባው ሳምንት በፊት ይታደሉ። ከስላይድ ይልቅ ወረቀቱን እንመርጣለን። መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ አይጠፋም፤ አባሉም ቤቱ ወስዶ ቁጥር ከሚገባው ልጁ ጋር ያየዋል።

የሰው ታሪክ ከቁጥር ይልቅ ልብ ይነካል፤ ስለዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ባለፈው ዓመት የእነ እገሌ ሐዘን ላይ ወንበር ጎደለ» ብሎ ባለቤቲቱ በተቀመጠችበት መናገር ሐዘኗን ለሌላ ዓላማ መጠቀም ነው። ከስብሰባው በፊት ያስፈቅዷት፤ ፈቃድ ካልተገኘ ሰው የማይለይበት አድርገው ይናገሩ፤ ያ ካልሆነ ይተዉት። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውን የሚያሳይ ይሁን፤ በ10 ዓመት አንዴ የደረሰውን እንደ ዘወትር ማቅረብ ከሐሰት ቁጥር አይለይም።

ተረትና ምሳሌ የአማርኛ ተናጋሪ ፈጣኑ መሣሪያ ነው፤ ጭንቅላት ያስነቀንቃል። ግን ማስረጃ አይደለም። ገንዘብ ያዡ «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲል ተቃዋሚው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለዋል፤ ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም ስለ 32,000 ብሩ ምንም አይናገሩም። ስለዚህ ምሳሌውን ማስረጃው ከተነገረ በኋላ ያስከትሉት፤ በማስረጃው ቦታ አይተኩት። ሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው። ቅኔ ላይ ክብር ነው፤ ውሳኔ በሚሰጥበት ንግግር ውስጥ ግን ተናጋሪው ነገ «እንዲያ አላልኩም» የሚልበት በር ነው።

የተናጋሪው ማንነትም ማስረጃ ነው። የድንኳን አከራዩ የገንዘብ ያዡ ወንድም ከሆነ ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ ራሱ ይናገር። ከራሱ አፍ ሲሰማ መረጃ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሲነሳ ግን ቅሌት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ለሌሎች መድረኮች ባጭሩ

የሐዘን ቤት የምስጋና ቃል ይነበብ፤ እንባ ሲመጣ መያዣው ወረቀቱ ነው። የሰርግ ምርቃት ያለ ወረቀት፣ ከሦስት ደቂቃ ያነሰ። ገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ በማስታወሻ፣ በአንድ የሰው ታሪክና በአንድ ቁጥር፤ ሰው ስሙ በማይክ እየተጠራ እንዲሰጥ ማድረግ ብር ያስገኛል፣ ግን አይሆንም የማለት ዕድሉን ይነጥቀዋል፤ ፖስታ ይሻላል። ሽምግልና ላይ የተዘጋጀ ንግግር ይዘው አይሂዱ፤ መጀመሪያ ያዳምጡ።

ወደ እድሩ እንመለስ። ገንዘብ ያዡ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ከወረቀት የሚያነበው ይህን ያህል ይሁን፦

«ከመስከረም 1 ጀምሮ የወር መዋጮው ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ እንዲል ሐሳብ አቀርባለሁ። ጉድለቱን ለመሸፈን 15 ብር ይበቃል። የቀረው 35 ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። መጠባበቂያው ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አይነካም። ሒሳቡ በየስድስት ወሩ ይነበባል። 150 ብሩን የማይደግፍ አባል 115 ብርን ወይም የ17,000 ብር ክፍያውን መምረጥ ይችላል፤ ሦስቱም ተራ በተራ ድምፅ ይሰጥባቸው።»